ሥፍራውን የሳተ ቅልጥም

ካዛንቺስ በቁሟ በምትፈርስበት በዚያ ዓመት፣ አንድ እስካቫተር የአንድ ሰርቪስ ቤት ወለል ሲገለብጥ የጭን አጥንት በጥርሱ ነክሶ ብድግ አለ። ኦፕሬተሩ መጀመሪያ የበሬ መሰለው። ቀጥሎ ከአፈሩ ውስጥ የሰው ዳሌ ብቅ ሲል ግን ከዚያ ከፍታ ዘሎ ወረደ። እግሩ መሬት የነካው ስታዲየም ደርሶ ነው ይላሉ፤ እኛም አንጨምርበትም።

ኢንስፔክተር አጥናፉ ሲደርስ የአዲስ አበባ ሕዝብ ግማሹ ጉድጓዱን ከቦ ቆሟል። ሌላው ግማሽ ታክሲ አጥቶ ነው የቀረው። አጥናፉን የማያውቅ የቂርቆስ ሰው የለም። ከቄራ እስከ ላንቻ ስሙ ሲጠራ ሌባ የሰረቀውን ይመልሳል፤ አንዳንዱማ ደንግጦ ያልሰረቀውንም ጨምሮ ይመልሳል። አንድ ነገር ብቻ አይታዘዘውም፤ ቀኝ ጉልበቱ። ድሮ ቄራ አጠገብ ወንጀለኛ ሲያሳድድ የተጎዳ ነው። ወንጀለኞቹ በመጀመሪያው አተራረክ ሁለት ነበሩ፤ ወሬው በተደገመ ቁጥር እየተዋለዱ አሁን አንድ ሻምበል ጦር አክለዋል።

«ኢንስፔክተር፣ ጭንቅላት የለም» አለችው ሳጅን ደሊና ካሜራዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች።

«እንዴት የለም?»

«የለም በቃ። አፈሩን በወንፊት አስነፋሁት። ጥርስ እንኳ የለም።»

ወሬው ከአፏ ሳይወጣ ሕዝቡ ጆሮ ደረሰ። «አንገቷን ቀልቷታል!» አለ አንዱ። ማን ማንን እንደቀላ የጠየቀው አልነበረም።

አጥናፉ ጉልበቱን በሁለት እጁ እየደገፈ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። እስካቫተሩ የነካው አንዱን ጭንና የዳሌውን ጠርዝ ብቻ ነው፤ የቀረው እንደተቀበረ ተኝቷል። ከአጥንቶቹ ሥር የበሰበሰ የአቡጀዴ ቁራጭ ይታያል። እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው። የቀኙ ቅልጥም ሰፊ ጫፍ፣ ከጉልበት ጋር የሚገናኘው፣ ወደ ታች ወደ ቁርጭምጭሚቱ ዞሯል። አጥናፉ ይህን አየ። ዓይኑ እንኳን ቅልጥም፣ ደመና ውስጥ የተደበቀ ጭልፊትም አያመልጠው። ግን «የማሽኑ ሥራ ነው» ብሎ አለፈው። ተሳስቷል። ታላቅ ሰው ሲሳሳትም በታላቁ ነው።

ከላይ አንድ ወፍራም ሰው ጎንበስ አለ። የሠፈሩ ግሮሰሪ ባለቤት ማሙሽ ነው፤ የሕፃንነት ስሙ ሳይለቀው አብሮት የሸበተ ጎልማሳ።

«ጌታው፣ ይሄ እኮ የገብረጻድቃን ቤት ነበር። የመሥሪያ ቤት ሾፌሩ። ሚስቱ ልዩ፣ ደርግ የወደቀ ሰሞን የት እንደገባች ሳይታወቅ ቀረች።»

«ለፖሊስ አመልክቷል?»

«የት አባቱ! አንድ ቀን እንኳ ‹ሚስቴን አያችሁ ወይ› አላለም። ሲሚንቶ ግን ገዝቷል።»

«የምን ሲሚንቶ?»

«በጠፋች በሳምንቱ ይሄን ወለል ለሰነው። በገዛ እጁ! አገር ሁሉ ዳቦ ሲፈልግ እሱ ሲሚንቶ ተሸክሞ ሲገባ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያኔ ዝም አልክ?»

«ሰው ወለል ሲያሠራ ምን ይባላል? እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።»

*

ገብረጻድቃን አሁን ጡረታ ወጥቶ ቄራ፣ ከአንድ ሥጋ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። በሩን ሲከፍት ሰው እንግዳ ሆኖበት እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል። ክፍሉ ከመጥራቱ የተነሳ ዝንብ ለማረፍ ፈቃድ የምትጠይቅበት ነው። አልጋው የሁለት ሰው ነው፤ የተጨማደደው ግን በግድግዳው በኩል ያለው ግማሹ ብቻ።

አጥናፉ የተገኘውን ነገረው። ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እሷ ናት?» አለ።

«እርስዎ ነዎት የሚነግሩኝ።»

«ኣይፋልን! በፍጹም!» አለ ገብረጻድቃን፤ ሲደነግጥ የእናቱ ቋንቋ ይቀድመዋል። «እኔ ልዩን? እኔ እጄን አንስቼባት አላውቅም።»

«ሲሚንቶውስ?»

«ወለሉ አፈር ነበር። ክረምት ክረምት ውሃ ይተፋል። ‹ይሄ እርጥበት ጉልበቴን ጨረሰው፤ ይሄን ወለል ካላሠራህ እዚህ አልከርምም› ትለኝ ነበር። የሴት ንግግር መሰለኝ። አንድ ቀን ከመስክ ስመለስ ልብሷም እሷም የለችም። ያን ጊዜ አሠራሁት።»

«ከሄደች በኋላ?»

«ስትመለስ እንድታየው ብዬ ነዋ።»

ሳጅን ደሊና ከበሩ አጠገብ ጉሮሮዋን ጠረገች። ለፖሊስ ጆሮ ከዚህ የከፋ ሰበብ ተፈጥሮ አያውቅም።

«ለምን አላመለከቱም?» አለ አጥናፉ።

«ምን ብዬ? ሚስቴ ትታኝ ሄደች ብዬ? እሱ እኮ ወንጀል አይደለም፣ ጌታዬ። ውርደት ነው።»

ካቴናውን ደሊና ስታወጣ አልተከራከረም። ኮቱን ለበሰ፣ አልጋውን አስተካከለ፣ ከዚያ ወደ አጥናፉ ዞሮ «ከአጥንቷ የተሰበረ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ለምን ፈለጉት?»

«አሟት እንደሆነ ብዬ ነው።»

*

የአስከሬን መርማሪዋ ዶክተር ሰምሃል አጥንቶቹን ነጭ ጨርቅ በለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘርግታቸዋለች። አጭር፣ ቀጭን ሴት ናት፤ አጥንት ስትመለከት ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ እስኪመስል ትገዝፋለች።

«ዳሌው የሴት ነው» አለች። «ሰፊ ነው፤ እዚህ ፊት ለፊት ያለውም ማዕዘን ገር ነው። ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ ውስጥ ይመስለኛል። የቀረውን ገና አላየሁትም።»

ልዩ ስትጠፋ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። አጥናፉ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ።

«እሱ ጉልበት ምን ሆኖ ነው?»

«አንድ ሻምበል ወንጀለኛ ሳሳድድ...»

«አንድ ሻምበል?»

«ማለቴ፣ ብዙ ነበሩ።»

ሰምሃል ፈገግ አለችና ሁለት አጥንቶች አንስታ ጫፍ ለጫፍ ያዘች። «ሰው ጉልበቱን እንደ በር ማጠፊያ ያየዋል። በር ማጠፊያ ዘይት ካልቀቡት ዝጎ ይቀራል፤ ጉልበት ግን ዘይቱን ራሱ ይሠራል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ልም አጥንት አለ፣ በላዩ ቀጭን ፈሳሽ አለ። ሲራመዱ ይጨመቃል፣ ሲያርፉ መልሶ ይጠጣል። ለዚህ ነው ብዙ የተቀመጠ ሰው ሲነሳ የሚያቃስተው። ደረጃ ሲወርዱ ደግሞ ጉልበትዎ ላይ የሚያርፈው የርስዎ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ጡንቻው እንዳይወድቁ ሲጎትት የክብደትዎን እጥፍ ድርብ ይጭንበታል።»

«ሳይሰበር?»

«አጥንትን እንደ ድንጋይ አይዩት። ሕይወት አለው። በተጫነበት በኩል ይወፍራል፣ ሥራ በፈታበት በኩል ይሳሳል። ኩሊን በትከሻው፣ ኳስ ተጫዋችን በቅልጥሙ አውቀዋለሁ። ሰው የኖረበትን ኑሮ አጥንቱ ይመስለዋል።»

«ታዲያ ይህችስ?»

«ጊዜ ይስጡኝ» አለች።

አጥናፉ ከዚያ ወጥቶ ስታዲየም ጥግ ያለች ምግብ ቤት ምሳውን ብቻውን በላ። አስተናጋጇ ሳትጠይቅ ለአንድ ሰው ታቀርብለታለች። ዕድሜውን ሙሉ የብዙ ሰው ምስጢር የሰማ ሰው፣ ያን ቀን «ጨው ይጨመር?» ከማለት በቀር የጠየቀው አልነበረም።

*

በማግሥቱ ጠዋት ገብረጻድቃን ተናዘዘ።

«ገደልኳት» አለ፣ አጥናፉ ገና ወንበር ሳይስብ። «በቃ፣ እኔ ነኝ። ጻፉት።»

ኮማንደር ሃድጉ፣ የጣቢያው አዛዥ፣ ዜናውን ሲሰሙ ደስታቸው ከካዛንቺስ አልፎ እንጦጦ ላይ ያስተጋባ ነበር። አጥናፉ ግን ወረቀቱን አላነሳም።

«በምን ገደሏት?»

«በ... በእጄ።»

«ራሷን የት ጣሉት?»

ገብረጻድቃን ዓይኑ ተቅበዘበዘ። «ራሷን?»

«ጭንቅላቷን። ከአስከሬኑ ጋር አልተገኘም።»

ሽማግሌው ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። አጥናፉ በሥራ ዘመኑ ሲዋሽ የያዘው ሰው ቢሰለፍ ደብረ ዘይት ይደርሳል፤ እንዲህ ያለ ግን አላየም። ይህ ሰው ስለሠራው ወንጀል ገና አሁን ከፖሊስ መስማቱ ነው።

«ወንዝ ውስጥ» አለ በመጨረሻ።

«የትኛው ወንዝ?»

«ውሃ ያለበት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ አሁን አጽሟን ይሰጡኛል አይደል? ፍትሐት አስደርጌ እንድቀብራት? እስር ቤትም ብሆን ለአንድ ቀን ትለቁኛላችሁ አይደል?»

ኮሪደሩ ላይ ኮማንደር ሃድጉ ጠብቀውታል።

«አንተ፣ ተናዘዘ አይደል? ምን ቀረህ? ፊርማውን በወርቅ ቀለም ነው የምትፈልገው?»

«ውሸቱን ነው፣ ጌታዬ።»

«ሰው ‹አልገደልኩም› ብሎ ይዋሻል እንጂ!»

«እሱም ነው የጨነቀኝ» አለ አጥናፉ። የደሊና ስልክ ጠራ፤ ሰምሃል ነበረች። «ኢንስፔክተሩን ይዘሽ ነይ» አለች። «ከጉድጓዱ ያነሳሽውን ፎቶም እንዳትረሺ።»

*

ሰምሃል የቀኙን ጭን አጥንት አጥናፉ እጅ ላይ አኖረችው። ከዚያ ዳሌውን ወደ እሱ አዞረች።

«ይግጠሙት።»

የጭኑ ራስ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ዳሌው ላይ የሚቀበለው ጎድጓዳ አለ። አጥናፉ ገፋው። አልገባም። ቢያዞረው፣ ቢያጋድለው፣ ጠርዙ ላይ እየተንገዋለለ ቀረ። የአባት ባርኔጣ በሕፃን ራስ ላይ፣ ወይም የሕፃን ባርኔጣ በአባት ራስ ላይ፤ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ማሰብ ነው።

«የግራው ይገጥማል» አለች ሰምሃል፣ ሌላውን ጭን አንስታ ልክ እንደ ድስትና ክዳኑ እያስገባች። «ሁለት አጥንት ሠላሳ ዓመት አብረው ሲራመዱ አንዱ ሌላውን እየቀረጸ ነው የሚያድገው። ያ የቀኙ ጭን ግን ከዚህ ዳሌ ጋር አንድ እርምጃ ተራምዶ አያውቅም። የሌላ ሰው ነው። የወንድ፣ ያውም የግዙፍ ወንድ።»

ደሊና አፏን ያዘች። «ሁለት ሰው ነው የገደለው ማለት ነው?»

«ሁለት ከሆነማ ለኮማንደሩ አትንገሪያቸው» አለ አጥናፉ። «በደስታ ይሞቱብናል፣ ሦስት ይሆናሉ።»

ሰምሃል አልሳቀችም። ፎቶውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ጣቷን ቅልጥሙ ላይ አኖረች። «ይሄን ማን ገለበጠው?»

«እስካቫተሩ።»

«እስካቫተሩ ሥሩ ያለውን ጨርቅ ሳያጥፍ፣ አጠገቡ ያለችውን የጉልበት ሎሚ ሳያንቀሳቅስ፣ ቅልጥሙን ብቻ አንስቶ ገልብጦ መልሶ አስተኛው?»

አጥናፉ ፎቶው ላይ ጎንበስ አለ። ከውጭ የታክሲ ረዳት «ለገሃር፣ ለገሃር» ይላል።

«ስሙኝ» አለች ሰምሃል። «ሰው ሲቀበር ጅማቱ ይበሰብሳል፣ ልም አጥንቱ ይጠፋል፣ መገጣጠሚያው ይላቀቃል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ አጥንት ጎረቤቱ አጠገብ ነው የሚቀረው። ጭን ቅልጥምን፣ ቅልጥም ቁርጭምጭሚትን እንደተከተለ። መቃብር ውስጥ ቅልጥም አይገላበጥም። አንገቱንም ይዩት፤ የመጀመሪያዋ አንጓ ምንም አልተነካችም። የቢላ፣ የመጥረቢያ ምልክት የለም። ማንም ማንን አልቀላም።»

«እንግዲያስ?»

«ሲቀበሩ ቀድሞውንም የደረቁ፣ የተለያዩ አጥንቶች ነበሩ። አንድ ሰው አንድ ባንድ ደረደራቸው። የሰው እግር እንዴት እንደሚገጣጠም የማያውቅ ሰው።»

አጥናፉ ፎቶውን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። አቡጀዴ። እግሩ ወደ ምሥራቅ፣ እንደ ክርስቲያን ወግ። ነፍሰ ገዳይ ጉድጓድ ይቆፍራል እንጂ አቅጣጫ አይመርጥም። ይህን የሠራው ሰው እግዚአብሔርን የፈራ፣ ፖሊስን ደግሞ ከእግዚአብሔር እኩል የፈራ ነው።

«ደሊና፣ ገብረጻድቃን ከመግባቱ በፊት ያን ቤት ማን ነበር የሚያከራየው?»

«ማሙሽ ነግሮኛል። ወይዘሮ ጦቢያ የሚባሉ። አሁን ልጃቸው ዘንድ ናቸው አሉ፣ ላንቻ።»

*

ወይዘሮ ጦቢያ በረንዳ ላይ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። አጥናፉ ማንነቱን ከመናገሩ እንባቸው ፈሰሰ፤ የሽንኩርቱ ይሁን የፍርሃቱ ለመለየት ግን ምርመራ ያስፈልገው ነበር።

«ካዛንቺስ ካለው ቤትዎ አጥንት ተገኝቷል፣ እማማ።»

ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ። «እሰይ» አሉ።

«እሰይ?»

«እሰይ! ወጣልኝ! ስንት ዘመን ደረቴ ላይ ተኝቷል መሰለህ፣ ልጄ! ቤቱ ሊፈርስ ነው ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ እኮ። ቁጭ በል፣ እግርህን አሞሃል መሰለኝ።»

አጥናፉ ተቀመጠ። እሳቸው ነጠላቸውን እየጠመጠሙ እየፈቱ ተናገሩ።

«ሰርቪሷን ለአንድ ተማሪ አከራየሁ። አምኃ ይባላል፤ ትሑት፣ አንገቱን የደፋ፣ እናቱ ከአገር ቤት ቆሎ የምትልክለት። ሐኪም ነው የምሆነው ይለኛል። ለበዓል ወደ ቤተሰቦቹ ሲሄድ ክፍሉን ልጠርግለት ገባሁ። ከአልጋው ሥር ሳጥን አለ። ልብሱን ላጥብለት ብዬ ብከፍተው... ሰው! የሰው እግር፣ የሰው ዳሌ፣ የሰው ጣት! ልጄ፣ ጮኼ ቢሆን ኖሮ አሥመራ ድረስ ይሰማ ነበር። አልጮኽኩም።»

«ለምን ለፖሊስ አልተናገሩም?»

«ከአንድ መሶብ የበላሁትን ልጅ? እናቱ ቆሎ የምትልክልኝን? ደግሞ የሟቹስ? ምስኪን፣ ሳጥን ውስጥ እንደ አሮጌ ጫማ ተጥሎ! አቡጀዴ ገዛሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወለሉን ቆፍሬ ቀበርኩት።»

«ቤተ ክርስቲያንስ ለምን አልወሰዱትም?»

«ስም የሌለውን ማን ይቀበለኛል? ካህኑ ‹የክርስትና ስሙ ማነው?› ቢሉኝ ምን ልል ነው? እኔው ወልደ ሰንበት አልኩት። እስከ ዛሬም በሰንበት በሰንበት በዚያ ስም ጸሎት አደርስለታለሁ።»

ደሊና ከንፈሯን ነከሰች። «ወንድ መሆኑን በምን አወቁ፣ እማማ?»

«እሱንማ ፈጣሪ ያውቃል ብዬ ተውኩት።»

«ግማሽ ግማሹን ልክ ነዎት» አለ አጥናፉ። «አንዱን ቅልጥም ግን ገልብጠውታል።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው በተቆጣ ዓይን አዩት። «እንግዲህ የዶሮውን ብልት ጠይቀኝ! አሥራ ሁለቱን ዓይኔን ጨፍኜ እደረድርልሃለሁ። የሰው ብልት ማን አስተማረኝ?»

«ጭንቅላቱስ?»

«ጭንቅላት አልነበረውም። እሱን ነው ብዙ ያለቀስኩት።»

«ልጁ ሲመለስ ምን አለ?»

«ምንም! ሳጥኑን ቀይ ሽንኩርት ሞልቼ አልጋው ሥር መለስኩለት። አየ። ዝም አለ። እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው እኮ ‹ዕቃዬ የት ሄደ?› ይላል! በወሩ ቤቱን ለቀቀ። ያኔ እንደገደለ እርግጠኛ ሆንኩ።»

*

ዶክተር አምኃ አሁን የራሱ ክሊኒክ ያለው የአጥንት ሐኪም ነው፤ ያውም ዑራኤል ከሚባለው ሠፈር ሳይርቅ። አጥናፉ ቢሮው ሲገባ መጀመሪያ ያየው ሐኪሙን አይደለም። ከኋላው መደርደሪያ ላይ፣ በመጻሕፍት መካከል፣ አንድ የራስ ቅል ጥርሱን አግጥጦ እንግዳ ይቀበላል።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለ አጥናፉ፣ ሰላምታውን ረስቶ።

«የተማሪነቴ ነው» አለ አምኃ። «ያኔ አጥንት የምናጠናው በእውነተኛ አጥንት ነበር፤ ከቀደሙን ተማሪዎች እየተቀበልን። የአንዱ ዳሌ፣ የሌላው እግር፣ እንዳገኘን እናሟላ ነበር። እሱን ለበዓል ይዤው ሄጄ ስለነበር ተረፈ።»

«የቀረውስ?»

የሐኪሙ ፊት ቀላ። «ተዉኝ እስቲ። ስመለስ ሳጥኔ ውስጥ ሽንኩርት አገኘሁ። አከራዬ ጥሩ ሴት ነበሩ፣ እንደ እናቴ። ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ‹እማማ፣ የሰው እግሮቼን አይተዋል?› ልበል? ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ፤ ወጣሁ። ፈተናውንም ወደቅኩ፤ ዳሌ ነበር የመጣው።»

አጥናፉ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ሳቀ። ሳቁ መስታወት ባይሰብርም ጥቂት ሕመምተኛ አዳነ ይባላል። ወዲያው ግን ጣቢያው ውስጥ ያለው ሽማግሌ ትዝ አለውና ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ሁለት ደጋግ ሰዎች እርስ በርስ ተፋፍረው ዝም ያሉት ነገር፣ ሦስተኛውን ሰው ገመድ አንገቱ ላይ አድርሶታል። የሚከፋው ደግሞ፣ ይህንን ገመድ መፍታት ለዚያ ሰው ደግነት መሆኑን አጥናፉ እርግጠኛ አልነበረም።

*

ገብረጻድቃንን ወደ ምርመራ ክፍሉ አስጠራው፤ ካቴናውን በገዛ እጁ ፈታለት፤ ሁሉንም ከሳጥኑ እስከ ሽንኩርቱ ነገረው። ሽማግሌው አላቋረጠውም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ።

«ስለዚህ ልዩ አይደለችም» አለ።

«አይደለችም። ነፃ ነዎት።»

«እርግጠኛ ናችሁ? ከውስጡ አንዷ አጥንት እንኳ...?»

«አንድም። አቶ ገብረጻድቃን፣ ለምን ዋሹ? ሊሰቀሉ ይችሉ ነበር እኮ።»

በመስኮቱ በኩል የሚፈርስ ቤት ድምፅ፣ የቆርቆሮ ጩኸት ይሰማል።

«ገድያት ከሆነ አልተወችኝም ማለት ነው» አለ። «ይሄን ሁሉ ዘመን፣ እኔ ቄራ ሆኜ ሳዛጋ፣ እሷ እዚያው ቤታችን፣ እኔ ባሠራሁላት ወለል ሥር... ከእኔ ሳትርቅ ነበረች ማለት ነው። አንድ ሌሊት እንደዚያ ብዬ አሰብኩ፣ ኢንስፔክተር። ከሄደች ወዲህ እንደዚያ ሌሊት ተኝቼ አላውቅም።»

አጥናፉ የመዝገቡን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። በቂርቆስ ምድር ሳይታዘዝ ወረቀት ያነሳበት የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ምስክር አለን፣ ሳጅን ደሊና በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«በሕይወት ትኖር ይሆናል» አለ። «ካመለከቱ እንፈልጋታለን። ዛሬ፣ አሁን፣ እኔ ራሴ እመዘግባለሁ።»

«አሁን? ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ?»

«ቢዘገይም ይመዘገባል።»

ገብረጻድቃን ጥቂት አመነታ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ያን ውርደት ከደረቱ ላይ ሲያወርደው ትከሻው ሲቀል ይታያል። ስሟን ነገረው፤ የአባቷን ስም፤ የተወለደችበትን አገር።

«መልኳስ?»

«ተለውጦ ይሆናል። አርጅታለች። ሁላችንም አርጅተናል።»

«የተለየ ምልክት? ጠባሳ? የሚለያት ነገር?»

ሽማግሌው አሰበና ፊቱ ላይ አንዳች ብርሃን መጣ። «አረማመዷ!» አለ። «እሱ አይለወጥም። ከሺህ ሰው መሐል በአረማመዷ አውቃታለሁ።»

«እንዴት ነው?»

«በአፍ አይነገርም» አለና ተነሣ።

ክፍሉን ወደ በሩ ሄደ። መጀመሪያ አንድ የደከመ የጡረታ ሾፌር ነበር። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ግን ወገቡ ለቀቀ፤ ግራ ዳሌው ቀስ ብሎ ቀደመ፣ ቀኝ እግሩ ጣቱን ትንሽ ወደ ውጭ ጥሎ ተከተለ፣ ትከሻው ሸክም እንዳረፈበት ሳይሆን ነጠላ እንዳረፈበት ሆነ። አንዲት ሴት፣ ቸኩላ ያልቸኮለች ለመምሰል የምትሞክር ሴት፣ በካዛንቺስ ፖሊስ ጣቢያ ምርመራ ክፍል ውስጥ አለፈች። ደሊና ሳታውቀው ከመንገዷ ዘወር አለችላት።

በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ጀርባውን ሰጥቷቸው።

«አየሁት» አለ አጥናፉ በቀስታ። «እስቲ አሁን ደግሞ ወደ እኛ ስትመጣ እንዴት እንደሆነች ያሳዩን።»

ገብረጻድቃን አልዞረም። አንድ እጁን የበሩ መቃን ላይ አኑሮ ቆየ። አንድ እግሩን አነሳ፣ መልሶ አኖረው።

«እሱን አላስታውሰውም» አለ።